እማዬ ከወንዙ ዳር አልወጣም ስትል

ሰኞ፣ ነሐሴ 5
የጓሯችን አጥር ከነእንሰቱ ወንዝ ገብቷል። ጠዋት ብወጣ መሬቱ በስለት እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ወንዛችን ለገዳራ ደፍርሶ ይጮኻል። ከቀበሌ ሰዎች መጥተው የወንዝ ዳር ሰዎች ሁሉ በዚህ ሳምንት እንድንነሳ ነገሩን። ላይ፣ ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ቦታ ተሰጥቶናል። ጎረቤቱ ዕቃ ማሰር ጀምሯል። እማዬ ግን "ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አለች።

የሚያስፈራኝ፦ ዝናቡ። የተሰነጠቀው ግድግዳ። የእሷ ግትርነት።

ማክሰኞ 6
ለመንኳት። ተቆጣኋት። "አንቺ ልጆች አሉሽ፣ ሂጂ" አለችኝ። ልጆቹን ወናጎ፣ የባለቤቴ እህት ጋ ላክኋቸው።

ከሰዓት ጋሽ ተክሉ መጣ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነው፤ በወጣትነቱ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ሰፈር ያረጀ። እማዬን ትክ ብሎ አያትና "በልጁ ምክንያት ነው አይደል?" አላት።
የቱ ልጅ? ብዬ ጠየቅሁ። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ረቡዕ 7
ነገረችኝ። ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ። ታደሰ ይባላል።

ያኔ ሰፈሩ ጥቂት የሣር ቤቶች ብቻ ነበሩት። አሁን ድልድዩ ባለበት የተጋደመ ግንድ ነበር፤ ገበሬው ቡናውን ተሸክሞ በእሱ ላይ ተሻግሮ ነው ገበያ የሚወጣው። እማዬም ተሸክማ ስትሻገር ልጁ ከኋላዋ ይከተላት ነበር። ዞር ስትል የለም።

አልተገኘም። አባቴ "ይገኛል" እያለ ለቅሶ ሳይቀመጡ ቀሩ።

"አባትሽ እዚህ ቤት እንዲሠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ" አለች። "ትቼው የት ልሂድ?"

እኔ እኮ ለገበያ ስለሚቀርብ እዚህ የሰፈርን ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ 8
ሲዘንብ ዋለ። ጋሽ ተክሉ ጋ ሄድኩ። እሱም ያኔ ልጁን ከፈለጉት አንዱ ነበር። ሰማኝና "ታዲያ ለቅሶውን አሁን እንቀመጥለታ" አለ። እንዲህ በቀላሉ።

ለእማዬ ነገርኳት። እምቢ አላለችም።

የቤተክርስቲያናችን መጋቢ ሬሳ በሌለበት እንዴት ይላል ብዬ ሰግቼ ነበር። "በስንት ሰዓት እንምጣ?" ብቻ አለኝ።

ቅዳሜ 10
የእድሩ ድንኳን ድልድዩ አጠገብ ተተከለ። አስቀድመው የለቀቁት እንኳ ተመልሰው መጡ። የእኛ ዘማሪዎች በጌዴኦኛ ዘመሩ። ጋሽ ተክሉ የፍልሰታ ጾሙን ሳይፈታ፣ ሳይቀመጥ፣ ቆሞ ዋለ። እማዬ ወደ ውሃው ዞራ ስሙን እየጠራች አለቀሰች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። እኔም ላላየሁት ወንድሜ አለቀስኩ።

ሰው ሲበተን ራሷ ተነሳች። "በሉ፣ ዕቃውን አውጡ።"

አልጋው፣ ሳጥኑ፣ ድስቶቹ፣ ዶሮዎቹ። ባጃጅ ተመላለሰ። እሷ በእግሯ ነው የወጣችው፤ ክንዴን ይዛ፣ ዳገቱን ቀስ እያለች።

እሁድ 11
አዲሱ ቦታ ጭቃ ነው። ጣሪያው በአንድ በኩል ሸራ ነው። ወንዙ እዚህ አይሰማም፤ እማዬ ደጋግማ ጆሮዋን ስትጥል አያታለሁ። ትለምደው ይሆን? እንጃ።

ልጆቹ ከወናጎ ተመለሱ። እማዬ አጠገቧ አስቀምጣቸው ስለ አጎታቸው አወራቻቸው፤ ሸንኮራ ሲወድ፣ ሲሮጥ ሲወድቅ። ትንሿ ልጄ "አሁን የት ነው ያለው?" አለቻት።



"ሞቷል፣ ልጄ" አለች እማዬ።

ከዚያ እቅፍ አደረገቻት።