የጋሼ ታፈሰ እጅና የኔ ፓራሹት

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ማታ

ትከሻዬ ላይ በረዶ አስሬ ነው የምጽፍልህ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬም እንደ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ፓራሹቱ ተከፈተ አይባልም፤ መታኝ ነው የሚባለው። አንገቴ ወደ ኋላ፣ እግሬ ወደ ፊት፣ ጥርሴ ተጋጨ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ነበር እኔን ያስለመደኝ። ከታች የበቆሎ ማሳ፣ ከሩቅ የኮሎምበስ ከተማ ፎቆች፣ የሚጠራኝ ሰው የለም። ዛሬ ግን ምኑንም አላየሁት። ዓይኔ ጨልሞብኝ ነው የወረድኩት።

ጋሼ ታፈሰ እየሮጡ መጡ። አስኩ፣ እንዴት ነበር? ሲሉኝ እንደ ቅቤ አልኳቸው። ውሸቴን። ከዚያ የተለመደው ግብግብ። እኔ ፓራሹቴን ያጠፉበትን አምስት ዶላር ኪሳቸው ልከት፣ እሳቸው በሞቴ፣ እኔ በኔ ሞት። በመጨረሻ ጃኬታቸው ውስጥ ጣልኩት። በመንገድ ሁለታችንም ዝም። ቤታቸው አወረድኳቸው።

በረዶው ቀለጠ። ልተኛ።

እሁድ፣ ሐምሌ 12

ለጸሎት የተከራየነው አዳራሽ ሄድኩ። መስገድ አልቻልኩም። ከኋላዬ የነበሩት ሴትዮ ምን ነካሽ ሲሉኝ ብርድ መታኝ አልኳቸው። በዚህ ሙቀት!

ነገሩን በደንብ ልጻፈው። ሲጻፍ ያንስ ይሆናል።

ጋ/ታ. አገር ቤት አየር ወለድ ነበሩ። እዚህ አዘቦቱን ሪከንባከር የሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር አጠገብ መጋዘን ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ለተማሪ ዘላዮች ፓራሹት ያጥፋሉ። መኪና አይነዱም። የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ሁለት በጋ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። በሦስተኛው ወረድኩና ዘለልኩ። ልጄ ሊያ እስካሁን አላመነችም። እኔም።

ሕጉ እንዲህ ነው። መጠባበቂያውን ፓራሹት የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እዚህ የሜዳው ባለቤት ዴል። ዋናውን ግን ራስህ ታጥፋለህ፣ አለዚያ ከፍለህ ታሳጥፋለህ። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ የማሳጥፈው በጋ/ታ. ነው። ያኔ የኔ ክብ ነበር፤ በወታደርነት የሚያውቁት ዓይነት። ዓይናቸውን ጨፍነው ያጥፉታል። በሰኔ ግን ከአንድ ዘላይ ያገለገለ አራት ማዕዘን ገዛሁ። አሁን የመጣው ዓይነት። ወደ ፈለግሽበት ይሄዳል፣ በእግር ጣትሽ ያሳርፍሻል ተብዬ። እዚያ ሜዳ ላይ አራት ማዕዘን ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ራሱ ያጥፋል። እኔ ብቻ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ጋሼ ከርስዎ ሌላ ማን አለኝ ብዬ እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩት። ምንም ሳይሉ ተቀበሉኝ።

ትናንት እጃቸውን አየሁ። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ። ይጀምራሉ፣ ይፈቱታል፣ እንደገና። ገመዶቹ ላይ የምትሄድ አንዲት ጨርቅ አለች፤ ስላይደር ይሏታል፤ የትራስ ልብስ ብታክል ነው። ሲታጠፍ እስከ ላይ ድረስ ተገፍታ መቅረት አለባት። ያኔ ፓራሹቱን ቀስ አድርጋ ታስከፍተዋለች። ከወረደች ግን ሁሉም ባንዴ ይፈነዳል። ትናንት ወርዳ ነበር፤ ክንድ ያህል። አየሁና ዝም አልኩ። ተሸክሜው ወጣሁ።

እንዲህ ያለ ሰው አለ? ይሉኝታ ይዞት ከሰማይ የሚዘል?

ሲጻፍ አላነሰም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ሊያ አየችው። ልብስ ስቀይር በሩን ከፈተች። ትከሻዬም ጭኔም በልዟል። ሥራ ቦታ የመታኝ ሰው ያለ መሰላት። ማንም አልመታኝም፣ የጋሼ ታፈሰ እጅ ነው ብዬ አረፍኩት። ይባስ! ስልኩን አነሳች። ፓራሹቱን ማለቴ ነው፣ ማጠፉን ማለቴ ነው እስክል ፖሊስ ልትጠራልኝ ነበር።

ከገባት በኋላ ደግሞ ሌላ ቁጣ። ማም፣ ጀስት ቴል ሂም! ጀስት! ዝም ብለሽ ንገሪው ማለት ለሷ ቀላል ነው። ከሳቸው ልጅ እኩል ነኝ፣ አንቱ የምላቸው ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በዚህ ነገር የኖሩ። አያውቁበትም ልበላቸው? አዎ በያቸው አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ በሩን ዘግታ ገባች።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ እዚህ አገር ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። እሷ ይህን አላለችም። ዕቃ ሳጥብ እኔው ነኝ ያሰብኩት።

ፓራሹቱ መኪናው ውስጥ ነው። አወጣዋለሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት ገፋነው። ጨርቁ ከምድጃው እስከ መግቢያው በር ተዘረጋ። ሊያ ገመዶቹን ይዛ በሩ ሥር ቁጭ አለች፤ መጽሐፏን ጭኗ ላይ አድርጋ።

ዴል የጣለው የማጠፊያ መመሪያ ቅጂ አለኝ። መሃሉ ላይ ገጾች ጎድለውታል። ምንም አይደል። ያለኝ ትምህርት ሁሉ እንዲሁ ነው የመጣው። እንግሊዝኛውን ከሳሙና ካርቶንና ከሊያ አሮጌ ደብተሮች። መንዳቱን ሰዎች ሲነዱ አጠገባቸው ተቀምጬ። የጎደለውን ገጽ ደግሞ የሌሎቹን ዘላዮች እጅ እያየሁ እሞላዋለሁ።

ዛሬ አልሆነም። ጨርቁ ያንሸራትታል፤ አየሩ አይወጣለትም። ተንበርክኬ፣ ተኝቼ፣ ጫንኩት። አንዱ ጎን ሲገባ ሌላው ይወጣል። ጥጃ ካልሲ ውስጥ እንደ መክተት ነው። ሊያ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 18

ዝናብ። አውሮፕላን አልተነሳም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ አስደነገጠኝ። የምወደው ነገር ሲቀር ደስ ካለኝ ምን ቀረኝ?

ከሌሎቹ ዘላዮች አንዱ የራሱን ከአውሮፕላን ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ሲያጥፍ ቆሜ አየሁ። አፍንጫው ድረስ ቀረብኩ። ሰውየው የምፈልገው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 20

ገባ! ስላይደሯ እስከ ላይ እንደተገፋች፣ ገመዱ በየላስቲኩ ተሰትሮ፣ ክዳኑ ተዘግቶ። ኦቨርታይም ሠርቼ መጥቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ። ፈታሁት። እንደገና አጠፍኩት። እንደገና ገባ።

ሊያ አይታ ሻይ አፈላችልኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 23

ማጠፉ ቀላሉ ነበር። እንዴት ልንገራቸው?

ዴል ሕግ አወጣ፣ ሁሉም የራሱን ያጥፍ አለ ልበል? ዴልን ይጠይቁታል። መዝለል ተውኩ ልበል? ታዲያ ለምን ቅዳሜ ቅዳሜ ታመጪኛለሽ ይሉኛል። ገንዘብ አጠረኝ ልበል? በነጻ ላጥፍልሽ ይላሉ፣ ያኔ ጉድ ፈላ።

ከሁሉም የምፈራው ሌላ ነው። እሺ ልጄ ብለው ፈገግ ይሉና፣ ከዚያ ወዲያ መኪናዬ ውስጥ አይገቡም። አውቶቡስ እዚያ ድረስ አይሄድም። ያቺን ቅዳሜያቸውን የነጠቅኳቸው እኔ እሆናለሁ።

ዛሬ ኮል አደረጉ። የቅዳሜ አየር ጥሩ ነው አሉ። ድምፃቸው ግን የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር። ደህና ነዎት ወይ አልኩ። ደህና ነኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 25፣ ማታ

ተናገርኩ። አሁንም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ማታውኑ ቤት አጥፌው አድሬ ነበር። መኪናው ውስጥ ልነግራቸው አሰብኩ። ግሮቭ ሲቲን አለፍን፣ አልነገርኩም። ሜዳው ደረስን፣ አልነገርኩም። ቦርሳውን ከመኪናው ኋላ ሊያወጡ ጎንበስ አሉ። ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ያኔ አፌ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ታጥፏል። እኔ ነኝ ያጠፍኩት።»

«አንቺ?»

«እኔ። ከእንግዲህም እኔው ነኝ የማጥፈው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ። በቃ ሰውየውን ገደልኳቸው ስል፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉና ተመስገን! አሉ። ዴል ከአውሮፕላኑ ሥር ብቅ ብሎ እስኪያይ ድረስ።

«አንቺ ልጅ፣ ጨርሰሽኝ ነበር እኮ!»

«እኔ እርስዎን? ትከሻዬን ላሳይዎት?»

«አውቃለሁ! ሲከፈት ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ደግሞ እንደ ቅቤ ትይኛለሽ! የምን ቅቤ ነው እንደ ጥይት የሚጮኽ?»

ከዚያ ሁሉም ወጣ። አራት ማዕዘኑን ማንም አላስተማራቸውም። ዴል አንድ ጊዜ በፈጣን እንግሊዝኛ አሳያቸው፤ እሳቸው አዎ አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የኔ ብቻ ነው የከበዳቸው፤ የተማሪዎቹ ሁሉ ክብ ነው። ዓርብ ዓርብ እህል አይበሉም። እኔ ስወጣ ከአውሮፕላን ማቆሚያው ጀርባ ሄደው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ ድምፁን እስኪሰሙ። ባለፈው ሳምንት ለዝናቡ ሻማ አብርተዋል። ለዝናቡ!

ለምን አልነገሩኝም ብላቸው፣ «መኪናሽ ውስጥ እየተቀመጥኩ፣ በሰው ፊት ከርስዎ ሌላ ብለሽኝ፣ አላውቅም ልበልሽ? አየር ወለድ ሆኜ?» አሉ። አምስት ዶላሩንም እምቢ ያሉት ለአገር ልጅነት አልነበረም። ለማያውቁት ሥራ ዋጋ መቀበል ከብዷቸው ነው። እኔ ደግሞ ጨዋነታቸውን እያደነቅሁ በግድ ኪሳቸው እከት ነበር።

ዴልን ጠርተን ነገርነው። እንደ መጠየቅ ያለ ቀላል ነገር የለም ብሎ ተቆጣን፤ ሁለታችንንም እኩል። ትክክል ነው። ያጠፍኩትን ፈቶ ከፊቱ እንደገና አሳጠፈኝ። የጎደሉትን ገጾች በእጁ አሳየን። ጋ/ታ. አጠገቤ ተንበርክከው ይመለከታሉ። ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፤ እኔ እተረጉማለሁ። አንድ ቦታ ላይ እኔም አልገባኝም። አልገባኝም አልኩ።

ዘለልኩ። እጀታውን ስቤ ጥርሴን ነክሼ ምቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። አንድ ረጅም ሽውታ፣ ከዚያ የተኛ ልጅ ከአልጋው በቀስታ የሚያነሳ ሰው ያነሳኝ ይመስል ቀና አልኩ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ሙሉውን ተዘርግቷል። እኔ ያጠፍኩት ጨርቅ። እዚያ ላይ ማንም አያየኝም፤ አለቀስኩ። ጸጥታው እንደነበረ አለ።

በእግር ጣት ያሳርፋል ያሉት ግን ውሸት ነው። በመቀመጫዬ ነው ያረፍኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 28

ሥራ ላይ ካርቶን ከራሴ በላይ አነሳሁ። አላመመኝም። ሁለት ጊዜ አነሳሁ፤ ሁለተኛው ያለ ምክንያት።

ሊያ ነግረሽ አየሽ፣ ምን ሆነ? አለችኝ። በአማርኛ። ምንም አልሆነም አልኳት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገብቷል። ሳልበላ ዘልዬ፣ ሳልበላ ተመለስኩ። በሁለት ቅዳሜ ራሴ አጥፌ የዘለልኩት አምስተኛው ነው መሰለኝ፤ መቁጠሩን ትቻለሁ።

ዛሬ ግን ሌላ ጉድ። ጋ/ታ. ራሳቸው ሊዘሉ ነው። ከአገር ከወጡ ወዲህ አልዘለሉም። ሐኪም አይቷቸዋል፤ ዴልም ተስማምቷል። ለሚመጣው ቅዳሜ፣ በክቡ። እና ዘላዮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ተነሥተው፣ የምታጥፍልኝ አስኩ ናት፣ እከፍላታለሁ አሉ። ሰው አጨበጨበ።

እሺ ልላቸው ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሊያከብሩኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ክቡን አጥፌ አላውቅም። አንድ ቀንም።

«አይሆንም፣ ጋሼ። ክቡን አላውቀውም።»

«ትለምጂዋለሽ!»

«በርስዎ ላይ ነው የምለምደው?»

ሰዎቹ አማርኛ አይሰሙም፤ ፈገግ እንዳሉ ናቸው። የሳቸው ፊት ግን ትንሽ ጠቆረ። አየሁት። ቃሌን ልመልስ አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሰማይ አልወደቀም። አንድ ልጅ ኮካውን ከፈተ።

ከዚያ ጋ/ታ. እውነትሽን ነው አሉ። ያንን ጫፍ ያዢልኝ አሉ፣ ለሙከራ እዚያው ዘረጉት። ጫፉን ያዝኩ። አልጠየቅኩም፣ አልረዳሁም፤ መያዝ ብቻ። እሳቸው እያጠፉ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ይነግሩኛል፤ እኔ እሰማለሁ። ሲጨርሱ ከኪሳቸው ገንዘብ ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱ። ጫፍ ለያዝኩበት! በሞቴ፣ በኔ ሞት፣ ሊጀምረን ሲል ተያየንና ተውነው።

መኪናው ውስጥ እስከ ቤታቸው አወሩ።

ወሰንኩ። በሚመጣው ቅዳሜ በመጀመሪያው በረራ አብሬያቸው እወጣለሁ። እሳቸው የራሳቸውን አጥፈው፣ እኔም የራሴን።