በሊፍቱ በር ላይ ስለተለጠፈው የአሜሪካ ካርታ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ምድር ቤት፣ ከአዳራሹ ጎን።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ዓይንዎ ቀልቶ፣ ፊትዎ ገርጥቶ ስለምናይዎ ከልብ እናስባለን። እኔ የስድስተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ደኅና ነኝ። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አባቴም፣ ጉልበታቸው ከደረጃ ጋር በመኳረፉ ሊፍቱ ከተበላሸ ጀምሮ መሬት ባይረግጡም፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰው አናት እያዩ ደኅና ናቸው።

ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር በዋሽንግተን ጉዳይ ተወጥረው ስላገኘሁዎ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. የማይከፈተው የሊፍት በር ባዶውን እንዳይቀር የአሜሪካን ግዛቶች ካርታ ስለለጠፉበት አመሰግናለሁ። ቀድሞ ቁልፉን ተጭነን ዝም ብለን እንጠብቅ የነበርን ሰዎች፣ ዛሬ የአስቤዛ ከረጢታችንን አስቀምጠን ለመውጣት ትንፋሽ እስክንሰበስብ ድረስ የትኛው ግዛት ወሳኝ እንደሆነ እንማራለን። የአምስተኛው ፎቅ ነርስ እንዲያውም የሁለቱን ፓርቲዎች ቀይና ሰማያዊ ግዛቶች በቃሏ ይዛለች።

፪. ባለፈው ስብሰባ ስለ ሊፍቱ ስጠይቅ፣ የዓለም ዕጣ በሚወሰንበት ሰሞን እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ማንሳት እንደማይገባ አስረድተውኛል። ቀጥለውም ሥልጣንን በጊዜው ስለማስረከብ ያደረጉት ንግግር ልብ የሚነካ ነበር፤ ያጨበጨብነውም ከአንጀታችን ነው። ጡረተኛው መምህር የእኛ ኮሚቴ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው መቼ እንደሆነ ቢጠይቁ ግን «ከአጀንዳ ውጭ ነው» አሏቸው፤ እኛም ተረዳን።

፫. ነዋሪው ዴሞክራሲን በተግባር ይማር ብለው በአዳራሹ ላዘጋጁት የአሜሪካ ምርጫ ልምምድ፣ የምስጢር ክፍሉን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የዚያን አገር ምርጫ በሬዲዮ ሲከታተሉ የኖሩ ሰው ናቸውና የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ወደ ላይ ይላክላቸው ብዬ ብለምንዎ፣ ከጣቢያ የወጣ ወረቀት ለማጭበርበር በር ይከፍታል፣ እዚያው አሜሪካም እያነታረከ ነው ብለው ከለከሉኝ። ቃልዎን ሳደርስላቸው አባቴ ፈጽሞ አልተቆጡም። «እውነታቸውን ነው ልጄ፣ ድምፅ ሰው ራሱ ሄዶ ነው የሚሰጠው። በሉ አውርዱኝ» አሉ።

ነርሷ፣ የአራተኛው ፎቅ ቀለም ቀቢ ወንድማማቾችና እኔ ወንበር ላይ አስቀምጠን ተሸከምናቸው። በየመታጠፊያው «ቀስ፣ ኋላውን እዩት» እያሉ፣ መሪ የጨበጡ ያህል እኛን ነዱን። ታች ደርሰው ከመግቢያው ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ እግራቸውን መሬት ሲያሳርፉ አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም፣ ያን ጊዜ እርስዎን ክፉኛ ጠላሁዎት። እርስዎ በዚያች ሰዓት ከአባቴ ጋር ፎቶ በመነሣት ላይ ነበሩ።

ችግሩ የመጣው ድምፃቸውን ከሰጡ በኋላ ነው። ወንበሩን ልናነሣ ስንል አባቴ «አልወጣም። ሊፍቱ ሲሠራ ያኔ እወጣለሁ» አሉ። እኔ ለመንኳቸው፤ ቀለም ቀቢዎቹ ግን ወገባቸውን ይዘው ስለነበር ብዙም አልገፉበትም። ስለዚህ ፍራሻቸውን አውርጄ አዳራሹ ውስጥ፣ እርስዎ ውጤቱን ለመከታተል ባሰቀሉት ትልቅ ቴሌቪዥን ሥር አንጥፌላቸዋለሁ። አባቴ በጊዜ የሚተኙ ሰው ናቸው፤ ሲተኙም መብራት፣ ጫጫታና ተንታኝ አይወዱም።

ስለ ወሳኞቹ ግዛቶች ያለብዎትን የማያቋርጥ ጭንቀት እያደነቅሁ፣ ጉልበትዎን ይጠብቅልን እላለሁ።

ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
የስድስተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ፣ የአዳራሹ አዲስ ነዋሪ ልጅ

ማስታወሻ፦ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አባቴ ኪሳቸው ከተው ነው የሚተኙት። አሸናፊው ሲታወጅ በቀጥታ ማየት ከፈለጉ የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ይሠራል፤ ስድስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ቀለም ቀቢዎቹ ግን ሌላ ወንበር አንሸከምም ብለዋል።