አባቷን ፈልጎ ላገኘልን ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የከተማው አስተዳደር የተማሪዎች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የጠገበ፣ በራችሁም ሲንኳኳ «ማነው?» ሳትሉ የምትከፍቱ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ልጄ ድምፅ ሳንለይ መክፈት ከተውን ሰነበትን፤ ይህም በጽሕፈት ቤትዎ ትጋት የተገኘ ልማድ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

እኔ የደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ ኮሌጅ ገብታ የላቦራቶሪ ትምህርት የምትማር፣ ማይክሮስኮፕ ፊት ከተቀመጠች ምሳ የምትረሳ ልጅ ናት። አባቷ በሕይወት አለ። ክንዴን የሰበረው፣ እሷንም ገና ሕፃን ሳለች ከደረጃ ላይ የወረወራት እሱ ነው። ፍርድ ቤት ወደ እኛ እንዳይቀርብ አዝዞበታል፤ ትእዛዙን ሊያደርስ የሄደው ፖሊስ ግን «አድራሻው አይታወቅም» እያለ ሲመለስ ኖሯል። እኛም እሱ እኛን፣ ፖሊስም እሱን ሳያገኝ በሰላም እንኖር ነበር። እንግዲህ ውለታችሁን በተራ ልዘርዝር።

1ኛ. ስለ መልካም አቀባበላችሁ። ለልጄ የትምህርት ድጋፍ ልንጠይቅ ስንመጣ ማመልከቻው የአባት ፊርማ ይፈልግ ነበር። ባለ መነጽሯ ሠራተኛችሁ «አባት አለ?» አለችኝ። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «አለ፤ ግን ያለንበትን ካወቀ አለቀልን» አልኳት። እሷም ወረቀቱን በአክብሮት አጣጥፋ መለሰችልኝና «አይዞሽ እናቴ፣ ምንም ጣጣ የለውም፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አለችኝ። የሚያልቀው ጉዳዩ ይሁን እኛ፣ በሰዓቱ አልጠየቅኋትም።

2ኛ. ስለ ፍለጋ ችሎታችሁ። ፖሊስ ለዓመታት ያጣውን ሰው ጽሕፈት ቤትዎ ወር ሳይሞላ አግኝቶ ደብዳቤ ጽፎለታል። ልጄ የምትማርበትን ኮሌጅ፣ ሕንፃውንና የትምህርት ክፍሏን ሳይቀር ገልጻችሁ፣ «በአካል ቀርበው እንዲፈርሙ በአክብሮት እንጠይቃለን» ብላችሁታል። ደግሞ በአክብሮት! ልጄ በምን ሰዓት እንደምትወጣ አለመጻፋችሁን እንደ ቸርነት ቆጥሬዋለሁ።

3ኛ. ስለ ማኅተማችሁ ክብር። ሰውየው ሱፉን ለብሶ፣ ደብዳቤያችሁን ይዞ ኮሌጁ በር ላይ ደረሰ። የበሩ ጥበቃ ደግ ሰው ናቸው፤ ማኅተሙን ሲያዩ ጊዜ «የልጅቷ አባት ናቸው» እያሉ ራሳቸው እየመሩ አስገቡት። ልጄ ከላቦራቶሪው ውስጥ ሆና የሰማችው አንድ ነገር ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ጉሮሮውን ሲጠርግ። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ድሮ ቤት ሊገባ ሲል በሩ ላይ እንደዚያ ያደርግ ነበር። የያዘችውን ብልቃጥ አስቀምጣ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

መምህርቷ ወደ ታች አየቻት። በሩን ገርበብ አድርጋ «ዛሬ አልመጣችም» አለችው።

«ችግር የለም» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ልጄ ናፍቃኝ ነው። እጠብቃለሁ።» አግዳሚው ወንበር ላይም ተቀመጠ።

ክፍሉ ሌላ መውጫ የለውም። መምህርቷ ጥቂት ካሰበች በኋላ ተማሪዎቹን በሙሉ ነጭ ጋዋን፣ ቆብና የአፍ መሸፈኛ አስለበሰቻቸውና በሰልፍ ይዛቸው ወጣች። ልጄ መሐል ነበረች፤ ጓደኛዋ ክንዷን ጨምድዳ ይዛታለች። እሱም ከወንበሩ ተነሥቶ የእያንዳንዳቸውን ዓይን እያየ ቆመ። ልጄ ያን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ «እማዬ፣ ዓይኔ ያንቺን ይመስላል ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን እንዳያውቀኝ ዓይኔን ባወጣው ብዬ ተመኘሁ» አለችኝ። መሬት መሬት እያየች አለፈችው። ጋዋኑ እጁን ነክቶት አልፏል።

4ኛ. ስለ ውሳኔያችሁ ፍጥነት። በማግሥቱ የተከራየነውን ክፍል ለቀን፣ ሥራዬን ትቼ፣ ልጄም ከትምህርት ቀርታ በየዘመድ ቤት ስንደበቅ፣ ድጋፉ ጸደቀ። አባትየው ፈርሞላታል። ቀጥሎም «ተማሪዋ ከክፍል ስለቀረች ድጋፉ ተቋርጧል» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ለማን ደረሰ? ለእሱ ስልክ፤ የተመዘገበው ወላጅ እሱ ነውና። አሁን መቅረቷን ያውቃል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ይፈልጋታል።

5ኛ. ምስጋናዬ ለእናንተ ብቻ እንዳይመስል፣ ያቺ መምህርት ልጄን ወደ ሌላ ኮሌጅ አዛውራልኛለች። ትምህርቷን ያለ ድጋፋችሁ ጀምራለች። የት እንደሆነ ብነግርዎ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ጽሕፈት ቤትዎ የሰማውን ሁሉ የመጻፍ በጎ ልማድ ስላለው፣ ሥራ ላበዛባችሁ አልሻም። እኔም አዲሱ የሥራ ቦታዬ ስገባ የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ አዙሬ ተክያለሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ መስፋት አልቻልኩም። ደንበኛ ጉሮሮውን ሲጠርግ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የልጄን መዝገብ ይዝጉልኝ፤ ማንም እንዳይረዳን ያድርጉልኝ።

የጽሕፈት ቤትዎ ርኅራኄ ዳግመኛ እንዳይደርሰን አጥብቃ የምትጸልይ፣ ስሟንም አድራሻዋንም ባለመጻፏ ይቅርታ የምትጠይቅ፣ አክባሪዎ

የአንዲት ተማሪ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ መስኮታችሁ ጋ አንዲት ልጅ ቆማ ነበር። የአባቷን አድራሻ ስትጠየቅ ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ ድምፅዋም ጠፋ። ሠራተኛችሁ «አታውቂውም ማለት ነው?» አለቻት። እኔን ከጠየቁኝ፣ ልጅቷ ዝም ያለችው አባቷን ስለማታውቀው ሳይሆን ስለምታውቀው ነው። ለአባቷ የጻፋችሁት ደብዳቤ ገና ከጠረጴዛችሁ ካልተነሣ፣ እባክዎን፣ በእግርዎ ሮጠው ይያዙት።