ለብቻዬ የበላሁበት ሳህን

እሑድ፣ ኦክቶበር 12፣ 2008

እጄ ላይ ላለው የቆዳ በሽታ፣ ለሶሪያሲስ፣ አዩርቬዳ የሚሉትን የህንድ ሕክምና ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሐኪሟ የኮመጠጠ ነገር ስለከለከለችኝ እንጀራ ትቻለሁ። ዛሬ ቤድፎርድ እህቴ ቤት ሁሉም ትሪውን ከበው ምሳ ሲበሉ፣ እኔ ሩዜን በሳህን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ጅሏ እኔ፣ ተረዱኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዕቃ ስናጥብ እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እግዜር ይስጥሽ፤ ለብቻሽ ስለበላሽ ማለቴ ነው። ልጆቹ እጅሽን ይፈሩ ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነበር» አለችኝ።

አይተላለፍም ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ! ዛሬ ግን «ኦኬ» ብቻ አልኳት።

ሐኪሟ በሚቀጥለው ወር እንጀራ ትጀምሪያለሽ ብላኛለች።

ከማን ጋር?