የሁለት ቤት ልጆች እናት፣ ወይዘሮ ስህን ዋለ (1952–2015 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ስህን ከአባታቸው ከአቶ ዋለ ፈንታሁንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይታይሽ ሙሉጌታ በአምባሰል፣ ከግሸን ግርጌ በምትገኝ መንደር በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1970 ዓ.ም. ከአቶ ታረቀኝ ጋር ትዳር መሥርተው ሐይቅ ከተማ ገቡ። አርባ ዓመት ያህል ዓሣ ነገዱ፤ በዋጋ ተከራክሮ የረታቸው ሰው አልተገኘም።

በክፉው ዘመን፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ልጃቸው ፋሲካ ገና ጨቅላ ሳለች የጎረቤታቸው የወይዘሮ ዘሀራ ጡት በረሃብ ደረቀ። ወይዘሮ ስህንን ግን ሐይቁ ዓሣ አልነፈጋቸውምና የዘሀራን ልጅ እንድሪስን ከፋሲካ እኩል አጠቡት። በእኛ አገር የጡት ልጅ ልጅ ነው።

የወይዘሮ ስህን እናት ወይዘሮ ይታይሽ በደም ካንሰር ሲሞቱ ቤተሰቡ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ከጠበል ጠበል ዞሮ ነበር። ለውጥ መጣ በተባለ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ያው በሽታ ወይዘሮ ስህንን ያዛቸው። አዲስ አበባ ያከሟቸው ሐኪም የእሳቸው ዓይነቱ ካንሰር መነሻው ከኤችአይቪ የተለየ ቫይረስ መሆኑን፣ ከእናት ወደ ልጅ በጡት ወተት፣ በባልና ሚስት ግንኙነትና በደም እንደሚተላለፍ፣ ከያዛቸው ብዙዎቹ ግን ሳይታመሙ እንደሚኖሩ አስረዷቸው። ወይዘሮ ስህን ስለራሳቸው አልጠየቁም። ያስጨነቃቸው ለዘሀራ መንገር ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ በደጃቸው ላለማለፍ በጓሮ መንገድ ገበያ ወጡ። በመጨረሻ ሄደው እያለቀሱ ነገሯቸው። ወይዘሮ ዘሀራም፣ «አላህ ይይልሽ! ለዚህ ነው ከደጄ የጠፋሽው? ያኔ ባታጠቢው ዛሬ የሚመረመር እንድሪስ የታለ?» ብለው ተቆጧቸው።

በምርመራው አቶ ታረቀኝ ነፃ ሆኑ። በፋሲካና በእንድሪስ ቫይረሱ ተገኘ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ሁለቱ ቤተሰቦች ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደዱ። ፋሲካ ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ ያገኘቻትን ሴት ልጅ በመጠለያ ተገላገለች፤ ጡት ግን አልሰጠቻትም። ሰው ጨካኝ አላት። ወይዘሮ ስህን ሕመማቸውን ተሸክመው የዱቄት ወተት ፍለጋ ሲዞሩ፣ ወይዘሮ ዘሀራ ውኃ እያፈሉ ሕፃኗን ያጠጡ ነበር። ልጅቱ ዛሬ ትሮጣለች፤ ምርመራዋም ነፃ ነው። ወይዘሮ ስህን በቀብራቸው ቀን ይነበብልኝ ብለው የተናዘዙት ይህንኑ ነው፦ ፋሲካ ጡት የከለከለችው በእናቷ ትእዛዝ ነው፤ የፈረደባት ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃት።

ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ያረፉት ወይዘሮ ስህን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ፋሲካን፣ የልጅ ልጃቸውንና የጡት ልጃቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ይህን የጻፈውና አሁን ቆሞ የሚያነበው እንድሪስ ነው። ቫይረሱ በደሙ አለ፤ አልታመመም። በእሳቸው ወተት ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሯል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ አሜን።