ከሰማይ የታየው ስንዴያችን

ለወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ልጆቹስ፣ ባለቤትህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። ዘንድሮ እዚህ ሲናና ላይ ከዚህ በላይ ደህና ነኝ የሚል የለም። ስደውልልህ ስብሰባ ላይ ነኝ ስለምትል ነው የምጽፈው።

መሥሪያ ቤትህ ማሳችንን በሳተላይት ፎቶ እንደሚከታተል ከነገርከን ወዲህ አባባ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። መስጊድ በር ላይም፣ ሮቤ ገበያም አንተን ነበር የሚያወሩት። ታዲያ ጎረቤታችን ጃርሶ ከድንበራችን ላይ የስንዴ ቅጠል ቆርጦ መጣ። በጣቱ ቢያሸው ቢጫ ዱቄት ወጣ። ዋግ ገብቷል፣ ዛሬውኑ መድኃኒት እንርጭ አላቸው። አባባ ግን መጀመሪያ ላንተ አስደወሉኝ። አንተም ፎቶው ላይ ማሳው አረንጓዴ ነው፣ ምንም የለበትም አልከኝ። ጃርሶ ደጋግሞ ቢለምናቸው፣

«ኢልማኮ፣ የገዛ ልጄ፣ ከሰማይ እያየልኝ መድኃኒት ብረጭ፣ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም ወይ?» አሉት።

ጃርሶ አፍሮ ተወ። ሌሎቹም ጎረቤቶች የአባባን አይተው ሳይረጩ ተዉ።

ፎቶው የቆየ እንደነበር የነገርከኝ ስንዴው ካለቀ በኋላ ነው። ደመና ሸፍኖት አዲስ አልተነሳም ነበር አልከኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። የባሌን ደመና አንተ አጣኸው? ከሥሩ አይደል ያደግኸው? ያን ዕለት «አላየሁም» ብትል ምን ነበረበት?

ባለኮምባይነሩ ማሳውን አይቶ ሳይገባበት ተመለሰ። ከብት ለቀቅንበት። የጃርሶም እንደዚያው ሆነ።

ይህንስ እችለው ነበር። ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው አባባን ልጅዎ ምን ብሎዎት ነበር ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ልጄማ ዋግ አለ፣ ርጩ ብሎኝ ነበር። ለእናንተ ሳልነግር የቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ። ስልኩን ይዤ ያነጋገርኩህ እኔ ነኝ። እውነቱን ብናገር አባቴን በሰው ፊት ማዋረድ ሆነብኝና ዝም አልኩ። አሁን ሰላምታቸውን ከልቡ የሚመልስላቸው የለም፤ ጃርሶም በሌላ መንገድ ያልፋል። መስጊድ መሄድ ትተው እቤት ይሰግዳሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኛ ሁለቱንም አጣን።

ተናድጄብሃለሁ፣ አልደብቅህም። መጥተህ ጃርሶ ፊት ቁም።

አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ስጽፍ ያያሉ። ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ። «አዝመራው ደግ ነው፣ አታስብ ብለሽ ጻፊለት» ብለውኛል።

ጽፌያለሁ።

ለልጆችህ ዕድሜ፣ ላንተ ልብ አላህ ይስጥ።

እህትህ