አንኮበር፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር የዋልንበት ዓርብ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ፋርማሲው ዛሬም ሳል በሳል። የደብረ ብርሃን ሰው አፉን መሸፈን ሞቱ ነው። አንዱ ፊቴ ላይ ስሎ ስሎ ሲያበቃ «ለዚህ የሚሆን አለሽ?» አለኝ። ለአንተስ መሐረብ ነው የሚያሻህ… በልቤ።

ዘሥላሴ ደወለ። ዓርብ የሠራተኞች ቀን ነው፣ ሥራ የለም፣ ጓደኞቼ ሚኒባስ ተከራይተዋል፣ አንኮበር እንሂድ አለ። የድሮውን የባለእጆች ሰፈር ሊያዩ። ሸክላ፣ ብረት፣ ሽመና… አሁን «የጥበብ ሰፈር» ተብሏል አሉ።

እማዬ የተወለደችበት መሆኑን አያውቅም። ማን ነግሮት?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ለእማዬ ነገርኳት። የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

«ሽማግሌው ይግባና ከዚያ ትነግሪዋለሽ።»

ዘሥላሴ ሽማግሌ የሚልከው በሚመጣው ሳምንት እሑድ፣ ግንቦት 2 ነው። ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳያውቅ ምን ዓይነት ጋብቻ ነው? እኔ ልነግረው ነው። ሰፈሩን ይይ፣ አክስቴ ይመኙሻል ቤት ምሳ ይብላ፣ ከዚያ ስንመለስ እነግረዋለሁ። ለእሷም ደወልኩላት። እስከዚያ እንደማንተዋወቅ እንሆናለን አልኳት። «ልማዳችን ነው» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። እማዬ እህቷን የምታገኛት ገበያ ውስጥ፣ ቆማ፣ ድስት እንደሚገዛ ሰው ነው። አባዬ ብቻ ያውቅ ነበር። ለማንም ሳይተነፍስ ሞተ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

አስጠላኝ። ሁሉም ነገር አስጠላኝ። ከየት ልጀምር?

ጉም ነበር። ሰፈሩ መግቢያ ላይ አዲስ ታፔላ ቆሟል። የድንጋይ ቤቶቹን ሮዝና ቢጫ ቀብተዋቸዋል… የሰው ቤት እንደ ልደት ኬክ። አስጎብኚው ድምፅ ማጉያ ይዟል፣ ለአንድ ሚኒባስ ሰው። «የነገሥታቱ ጥበበኞች» ይላል። ትናንት «ጠይብ» እያለ መንገድ ሲቀይርባቸው የነበረ ሁሉ ዛሬ ጥበበኞች አለ። ከልቡ ቢሆን እኮ ምን ነበረበት።

አክስቴ በር ላይ ተቀበለችን። «እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ» አለች፣ ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች። ጭቃውን አድበልብላ ጀበና ስታበጅ ዘሥላሴ ተንበርክኮ ፎቶ አነሳት። እጇን፣ ጥፍሯን፣ የተሰነጠቀ ተረከዟን ሳይቀር። አጠገቧ ቁጭ ብሎ እሱም ጭቃ ነካክቶ ተነሳ። «እማማ፣ እርስዎ እኮ ቅርስ ነዎት» አላት። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

ሌሎቹ ወደ ብረት ሠሪዎቹ ሲያልፉ «እናንተ ሁለታችሁ ቆዩ፣ ምሳ አለ» አለችን። ዶሮ አርዳ ነበር። ራሷ በሠራችው ድስት። ክዳኑን ስታነሳው ሽታው ምራቅ ያስውጣል።

ዘሥላሴ እጁን በሳኒታይዘር እያሸ፣ «ይቅርታ እማማ፣ ዓርብ አይደል? ጾም ነው» አለ።

በዓለ ሃምሳ ነው። ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ዓርብም ረቡዕም አይጾምም፣ ሕፃን ያውቀዋል። እሱ ደግሞ የቄስ ልጅ ነው፣ ድቁና የተቀበለ።

አክስቴ አየችው። ከዚያ ድስቱን ከደነችው።

«ውይ፣ እውነትህን ነው ልጄ። እርጅና… ቀኑ ጠፍቶብኝ።»

እሱ እንዳያፍር ብላ። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ዶሮዋ፣ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች።

«እኔ እበላለሁ» ብዬ ቁጭ አልኩ። በላሁ። እሱ ደጅ ወጥቶ ጠበቀኝ። ስወጣ ክንዴን ይዞ፣ «ምን ነካሽ? የእነዚህ ሰዎች ዓይን እኮ… አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ አታውቂም።»

ጎረቤላ ከተማ ስንደርስ ከጓደኞቹ ጋር ጥብስ አዘዘ። ጣቱን እየላሰ በላ።

«ጾሙስ?» አልኩት።

ሳቀ። «ታዲያ ምን ልበላቸው?»

ምራቄ መረረኝ። ልነግረው የነበረውን ዋጥኩት። መንገዱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ መጣ። ቤት ገብቼ ትከሻዬን በሳሙና ታጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

ፎቶውን ለጠፈው። የአክስቴ እጅ። «የሀገር ኩራት» ብሎ ጽፎበታል። ኧረ ወዲያ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26

ነገርኩት። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን። ሸክላ ሠሪዋ አክስቴ ናት፣ እናቴም የዚያ ሰፈር ልጅ ናት አልኩት። ሻዩን ሲያማስል፣ ሲያማስል ቆየ።

«እኔ ምንም አይመስለኝም» አለ።

እፎይ ልል ነበር…

«አባቴ ብቻ እንዳይሰማ። ሽማግሌዎቹ የእናትሽን ወገን ሲጠይቁ የደነባ ሰው ናቸው በሏቸው። አክስትሽም ሠርጉ ላይ ባይመጡ… ለእሳቸውም ይሻላል።»

እንደ ውለታ ነው የነገረኝ። ያ ነው የከፋው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሽማግሌ እንዳትልክ» አልኩት።

«ተናደሽ ነው።»

«አዎ፣ ተናድጄ ነው። እንዳትልክ።»

እወደው ነበር? አሁንም እወደዋለሁ እንጂ። መውደዴም ያስጠላኛል።

ለእማዬ ስነግራት አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ስልኳን ይዛ ጓዳ ገባች። ከማን ጋር እንደምታወራ አልሰማሁም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም።

እሑድ፣ ግንቦት 2

አክስቴ ከአንኮበር በመጀመሪያው መኪና መጣች። እማዬ ናት የጠራቻት። ቤታችንን አይታው አታውቅም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ አጥሩ በር ላይ ቆመች፣ ግራ ቀኙን እያየች።

ጎረቤታችን አመተ ማርያም ከጠዋት ጀምሮ ስታጮልቅ ነበር። ብቅ አለች።

«ወለተ ሥላሴ፣ ሽማግሌዎቹ ደረሱ እንዴ?»

«ቀርተዋል። እህቴ ናት የመጣችው» አለች እማዬ።

«እህት አለሽ እንዴ?»

«የእናቴ ልጅ። አንኮበር ሸክላ ሠሪ ናት። ነይ ግቢ፣ ጠላ ቅመሺ።»

አመተ ማርያም አክስቴን ከእግር እስከ ራስ ለካቻት። «ወጥ ጥጄ ነው የወጣሁት» ብላ ተመለሰች። ትመለስ። እስከ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ የሚሉትን ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

 እማዬ አክስቴን ለሽማግሌዎቹ ተሰናድቶ የነበረው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ጠላውን ቀዳሁ። አክስቴ ብርጭቆውን ይዛ ወደ ውጭ ታያለች።

«በሩን ልዝጋው እንዴ?» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ተይው» አለች እማዬ። «ይዩን።»